መካኒክ መጥራት አለማመን አይደለም

በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ወንድም ለወንድም ወይም ለእህት ያገለገለ ሞተር ሳይክል ወይም አሮጌ መኪና ሲሸጥ ዕቃው አይመረመርም። ኮፋኖ አይከፈትም፣ ሊብሬ አይነበብም፣ መካኒክ አይጠራም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ወንድሜን እንዴት እጠረጥራለሁ?» ይባላል። አነጋገሩ መንፈሳዊ ይመስላል። እኔ ግን ይሉኝታና ስንፍና ተጋብተው የወለዱት ነው እላለሁ። ጉዳቱም ሁልጊዜ የሚያርፈው ከሁለቱ ወገን ድኻ በሆነው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደምንነጋገር ልብ በሉ። ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ ቦታ ተመርቆ ሥራ የያዘ ወጣት እዚህ አገር ያለ መጓጓዣ መሥራት ይቸግረዋል። የግብርና ባለሙያው ገበሬው ማሳ ድረስ መሄድ አለበት። የጤና ባለሙያዋ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር አለባት። የክልላችን ቢሮዎችም በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ተከፋፍለው የተቀመጡ ናቸውና አንድ ፊርማ ፍለጋ ግማሽ ክልል የሚዞር ሰው አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ይቆጠባል፤ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ይበደራል፤ አባት የዘንድሮውን ቡና ሲሸጥ ጥቂት ይጨምራል። የሦስትና የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ቀን ከእጅ ይወጣል። ያ ገንዘብ «ወንድሜ ነው» ተብሎ ሳይታይ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም።

መኪና ለጀማሪ ደመወዝተኛ ድሮም ሩቅ ነበር፤ አሁን ይባስ ርቋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ አገልግለው ወደ አገር በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል። በእኛ አገር ግን አስቀድሞ የገባው አሮጌ ቪትዝና ኮሮላ ዋጋውን ይዞ፣ አንዳንዴም ጨምሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከገዢው በዕድሜ የሚበልጥ ዲኤክስ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ «አንቱ» ሊባል የሚገባው መኪና ነው። አብዛኞቻችን ግን መጨረሻችን ያገለገለ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ሞተር ሳይክል ነው፤ ሁለት ሆነው ባጃጅ የሚገዙም አሉ። የምናገረው ስለ ሁሉም ነው። ሁሉም ከእኛ በፊት ሦስትና አራት ባለቤት አሳልፈዋል። በሦስትና በአራት ሰው እጅ ያለፈ ዕቃ ደግሞ የአሁኑ ሻጭ ራሱ የማያውቀው ጉድ ሊኖረው ይችላል። ወንድማችሁ ሐቀኛ ሆኖ እንኳ፣ የማያውቀውን ከየት አምጥቶ ይነግራችኋል?

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምንኖረው ቡና አገር ነው። አባቶቻችሁ ቡና ሲሸጡ ነጋዴው ምን ያደርጋል? እጁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኑ ያስገባል። ከላይ ያለውን ትቶ ከታች ያለውን ያወጣል። ያሸታል፣ በጥርሱ ይነክሳል፣ በመዳፉ ያንቀጫቅጨዋል፤ ደርቋል አልደረቀም፣ ድንጋይ ተቀላቅሏል አልተቀላቀለም ይላል። ያ ነጋዴ እሑድ ዕለት ከአባታችሁ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ሊሆን ይችላል። አባታችሁ «ጠረጠርከኝ» ብለው ጆንያቸውን ይዘው ሲመለሱ አይታችኋል? ምርት ገበያ ዘንድማ ጉዳዩ ከዚህም ይጠብቃል። ናሙናው በቁጥር ይለያል፣ ቀማሹ የማን ቡና እንደሚቀምስ አያውቅም። በዚህ የሚቀየም ገበሬ የለም፤ እንዲያውም ጥሩ ቡና ያለው ሰው የሚወደው ይህንኑ ነው። በጆንያ ቡና የማናፍርበትን ምርመራ በሞተር ሳይክል የምናፍርበት ምክንያቱ ምንድን ነው?

ወይም ከራሳችን ቤት እንነሳ። የእሑድ መባ እንዴት ነው የሚቆጠረው? ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከዚያም ሁሉም ይፈርማል። ገንዘብ ያዡ የተከበረ ወንድም ነው፤ ግን ብቻውን አይቆጥርም። ይህን ሥርዓት የሠሩት አባቶች ወንድሞቻቸውን ስለናቁ አልነበረም። ገንዘብ ባለበት ቦታ የወንድምን ስም የሚጠብቀው ምስክርና ወረቀት መሆኑን ስለተረዱ ነው።

«ጸልየንበታል፣ ሰላም ተሰምቶኛል» ለሚሉኝ ደግሞ ኤርምያስን አነሣለሁ። ነቢዩ በዓናቶት ያለውን መሬት ሲገዛ በእግዚአብሔር ቃል ታዝዞ ነበር። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ከየት ይመጣል? ሻጩም ባዕድ አልነበረም፤ የአጎቱ ልጅ አናምኤል ነው። እንግዲህ ኤርምያስ ምን አደረገ? በ32ኛው ምዕራፍ እንደምታነቡት ውል ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች ጠራ፣ 17 ሰቅል ብሩን በሚዛን መዝኖ ከፈለ፣ የውሉን ወረቀት በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ከተማዪቱ በተከበበችበት፣ እርሱም በግዞት በነበረበት ወቅት ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። ከነቢዩ የሚበልጥ ሰላም የተሰማው ወጣት ካለ ይንገረኝ። እንዲህ ያለ ሰላም ያላቸውን ብዙዎች አውቃለሁ፤ የሰላማቸው ምንጭ ቀለሙ መሆኑ ያሳዝነኛል። ቀይ ሞተር አይተው ልባቸው ቀድሞ ገዝቷል፤ ጸሎቱ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ለመሆኑ መካኒኩ መጥቶ ምን ያያል? ብዙዎቻችን የምንፈራው ስለማናውቀው ነውና ትንሽ ልዘርዝር። በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ በእጁ ይዳስሰዋል። ገና ከመድረሳችሁ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ነው፤ ሲቀዘቅዝ የማይነሣ ሞተር የሚደበቀው እንዲህ ነው። ስለዚህ ቡና እየጠጣችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ቡና አልጠፋብንም። ሲነሣ ጭሱን ያያል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ውስጡ ተበልቷል። በመኪና ላይ ነጭ ጭስ በሚዛን ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ ጤናማ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ከቀጠለ ግን ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ከውስጥ በኩል ያያል፤ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል። ያን ጊዜ ጸልዩ፣ ግን አትግዙ።

ከዚያ ትንሽ ማግኔት ከኪሱ ያወጣል። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ በስቱኮ በተሞላና በተቀባ ቦታ ላይ ይወድቃል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አያምንም፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከወጣ፣ እውነቱን የሚናገረው ፔዳሉ ነው። የጎማዎቹን አበላል ያያል፤ በአንድ ወገን ብቻ የተበላ ጎማ አካሉ ወይም እግሩ እንደተጣመመ ሊያመለክት ይችላል። በሞተር ሳይክል ከሆነ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ እንደ ሜንጦ ሾሏል ወይ፣ ጎማው ወደ ጎን ሲነቀነቅ ኩሽኔታው ይላወሳል ወይ፣ ፍሬሙ የተበየደበት ቦታ አለ ወይ ብሎ ይመረምራል።

በመጨረሻ መንገድ ላይ ይወጣል። ከተማ ውስጥ አንድ ዙር መዞር ፈተና አይደለም። ከሚዛን ወደ በበቃ የሚወስደው ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ፍሬኑ እዚያ ይታወቃል። ስትመለሱ ዳገት ነው፤ የሙቀት ጠቋሚው ወደ ላይ ከወጣ ራዲያተሩን ጠይቁት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ወደ ቴፒ በሸኮ በኩል መውጣትም ያው ነው። ነዳጁን እናንተ ቅዱ፤ የዚያን ቀን ቤንዚን ከሚገኝ ትምህርት ሁሉ ርካሹ ነው።

ከሞተሩ ይልቅ ግን ሰው የሚጠፋው በወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው ወይ? ብዙ ጊዜ አይደለም። አንዱ ለሌላው በውክልና እያስተላለፈ፣ የስም ዝውውር ክፍያውን እየሸሸ፣ ሦስት ሰው አልፏል። ሊብሬው ላይ ያሉት ሰው ደግሞ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ናቸው፤ ወይም አርፈዋል። ወካይ ሲሞት በመደበኛው ውክልናው እንደሚያበቃ ስንቶቻችን እናውቃለን? ያን ጊዜ ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ ተነሥታችሁ ሂዱ። ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያለው ፋይል ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለ ጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አይተላለፍም። የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በእጃችሁ ይግባ። ሰሌዳም ሰነድም የሌለውን ሞተር «በገጠር ማን ያየዋል» ብሎ የሚገዛ አማኝስ? ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም፤ የሚያደርገውን ያውቃል።

«መካኒኩም የሻጩ ጓደኛ ነው፤ ከተማው ትንሽ ነው» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። እውነት ነው። እንግዲያው ከቴፒ ወይም ከቦንጋ አስመጡ፤ የትራንስፖርቱንና የቀን ዋጋውን እናንተ ክፈሉ፣ ከሻጩ አንድ ሳንቲም እንዳይቀበል። ይህን ለመክፈል አቅም የለኝም የሚል ወጣት ሞተሩን ለመግዛትም አቅሙ ገና ነው። በእኔ አስተያየት ካጠራቀማችሁት ከአምስት እጅ አንዱ ከግዢው ውጭ መቅረት አለበት፤ ለምርመራው፣ ለስም ዝውውሩ፣ ለጎማና በመጀመሪያው ወር ለሚወጣው ጉድ።

እስካሁን ስለ ገዢው ተናገርኩ። ዋናው ክርክሬ ግን ከሻጩ ጋር ነው።

«ገዢ ዓይን የለውም ወይ?» የሚል ሻጭ በመካከላችን አለ። የገበያ ሰው እንዲህ ቢል አልደነቅም። ነገር ግን ይኸው ሰው ገዢው መካኒክ ሲያመጣ «አላመንከኝም» ብሎ ያኮርፋል። ሁለቱን በአንድ አፍ መናገር አይቻልም። ወይ «እመነኝ» ትላለህ፤ ያን ጊዜ የምታውቀውን ጉድለት ሁሉ መናገር ግዴታህ ነው። ወይ «ዓይንህን ተጠቀም» ትላለህ፤ ያን ጊዜ ገዢው ከነመካኒኩ ሲመጣ ወንበር ታቀርባለህ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዓለማዊ የምንለው ሕግ ከሁለቱም ወገን የጠየቀውን እኛ ከሁለቱም አንጠይቅም።

አንዲት እህት አውቃለሁ፤ ግብርና ተመርቃ በገጠር ቀበሌ የምትሠራ። ከመዘምራን መካከል ከሆነ ወንድም ሞተር ሳይክል ገዛች። አልመረመረችም፤ በዚያ ኅብረት መመርመር ነውር ነበርና። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ጋራዥ ሲፈታ ውስጡ ከቆየ አልቋል፤ ድምፁ እንዳይሰማ ወፍራም ዘይት ተሞልቶበታል። ወንድም ያንን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም፤ ዘይቱን የሞላው ራሱ ነው። በሽያጩ ገንዘብ ላይ ጨምሮ የተሻለ ሞተር ገዛ፤ እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ «ጌታ ሞተር ሰጠኝ» ብሎ መሰከረ። እልልም ተባለ። እርሷም እዚያው ተቀምጣ ነበር።

ጉዳዩ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። የተሰጠው ፍርድ አንድ ቃል ነው፤ «ይቅር ተባባሉ»። እርሷ ይቅር አለች፤ እጅ ተጨባበጡ፣ ተጸለየ፣ ሻይ ተጠጣ። ገንዘቡ ግን አልተመለሰም፤ ስለ ገንዘብ ያነሣም የለም። ዛሬም በየወሩ የማኅበሩን ብድር የምትከፍለው እርሷ ናት፤ በእግሯ ቀበሌ ለቀበሌ እየሄደች። ወደ ወጣቶች ኅብረት ከመጣች ቆይታለች። «ቀዘቀዘች» ይሏታል።

እኔ የምቆጣው በዚህ ነው። ሽማግሌዎችን አከብራለሁ፤ ብዙዎቹ እኛ ሳንወለድ ስለ እምነታቸው የታሰሩ ናቸው። ነገር ግን ይቅርታ የተበዳይ ስጦታ ነው፤ ገንዘብ መመለስ ደግሞ የበዳይ ዕዳ ነው። የመጀመሪያውን ከእህታችን ተቀብለን ሁለተኛውን ከወንድማችን ሳንጠይቅ «ታረቁ» ካልን፣ ያስታረቅነው ማንን ነው? ዘኬዎስ ቤቱ እንግዳ በገባ ቀን ያወራው ስለ ስሜቱ አልነበረም፤ ስንት እጥፍ እንደሚመልስ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ከመጸለያቸው በፊት ሁለት ጥያቄ ቢጠይቁ እወዳለሁ፤ «ሞተሩ ምን ሆኖ ነበር?» እና «ስንት ተከፈለ?»።

ሌላም አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። «እኔ አገናኛችኋለሁ፣ ለወንድምነት ነው» ብሎ በመካከል የሚገባ፣ ከሻጩም ከገዢውም በድብቅ የሚቀበል ወንድም። ደላላነት የተከበረ ሥራ ነው፤ ደላላ ግን ደላላ ነኝ ይላል፣ ኮሚሽኑንም በግልጽ ይናገራል።

ሁሉም ሻጭ እንዲህ ነው እንዳትሉብኝ። አሮጌ ኮሮላውን ሲሸጥ ጉድለቶቹን ራሱ በወረቀት ጽፎ ለገዢው የሰጠ ወንድም አውቃለሁ፤ ካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንደሚንገራገጭ፣ ዝናብ ሲዘንብ በግራ በር በኩል ውሃ እንደሚገባ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ተጋጭቶ እንደነበር። ዋጋውን በዚያ ልክ ቀነሰ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ «ራስህን ከሰስክ» አሉት። ገዢው ግን ወረቀቱን ይዞ ጋራዥ ሄደ፣ የተጻፈውን ሁሉ እንደተጻፈው አገኘው፤ ካምቢዮውን አሠርቶ ዛሬም ይነዳዋል። ሁለቱ ሰዎች አሁንም አብረው ምሳ ይበላሉ።

ስለዚህ ለየኅብረታችሁ መሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ከዚያ ወረቀት የተቀዳ ነው። በአባላት መካከል ሞተር፣ ባጃጅ ወይም መኪና ሲሸጥ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የማያውቀውንም «አላውቅም» ብሎ ይጻፍ። ገዢ በራሱ ወጪ መካኒክ ያምጣ፣ መካኒኩም ያየውን ከሥር ይጨምር። ሁለት ምስክር ይፈርም፤ ከተቻለ አንዷ እህት ትሁን፣ ዋጋ ሲባል ዝም በይ የምትባለው እርሷ ናትና። ወረቀቱ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከሻጭ፣ አንዱ ከገዢ ዘንድ ይቀመጥ። ጠብ ተነሥቶ ሽማግሌዎች ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው እርሱ ይሁን።